በእኛ ቤት የለም ያልኩት ሕመም

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን አለሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ጉልበትሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ መሃል ላይ ትቆሚያለሽ? ሁለቱ ልጆችሽ መቼም አድገዋል፤ ትልቋ አሁን አንቺን ሳታክል አትቀርም። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ እሠራለሁ፤ እበላለሁ። ስለ ጤናዬ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

አራት ዓመት አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ድንገት ፖስታ ሲደርስሽ መደንገጥሽ አይቀርም። ቁጭ በይ። ልጆቹ አጠገብሽ ካሉ ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ። ነገር አለዝቤ መናገር እንደማልችልበት ታውቂያለሽ፤ መጻፍማ ጭራሽ አልችልበትም። ልጄ ሞታብኛለች። ዛሬ ሰባት ሳምንቷ ነው።

ለቀብሯ አልጠራሁሽም። ለምን እንዳልጠራሁሽ እነግርሻለሁ፤ ግን በተራው ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው፣ ሁለቱን ልጆችሽን ሐኪም ቤት እንድትወስጂያቸው ነው። ሌላው፣ እኔ ያደረግሁትን ከእኔው እንድትሰሚው ነው። የመጀመሪያው አይዘግይ። ደብዳቤው ረዝሞ ከታከተሽ እዚሁ ላይ አቁሚና ልጆቹን ውሰጃቸው፤ ቀሪውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

ወሬው የደረሰኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አሁንም የምሠራው እዚያው ልብስ ንጽህና መስጫ ነው፤ የሆቴል አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ እተኩሳለሁ። የቤቱን ባለቤት በሌለችበት «አሚዶ» እንላታለን፤ አሚዶ እንደገባ አንሶላ ድርቅ ብላ ስለምትሄድ። አሚዶ ሰው ስትፈልግ ከቢሮዋ ሆና ትጮሃለች እንጂ ወደ ጠረጴዛ መጥታ አታውቅም። ያን ቀን መጣች። ካውያውን ከእጄ ወስዳ ማስቀመጫው ላይ አቆመችው። «ስልክ ይፈልጉሻል፤ ቀስ ብለሽ ነይ» አለችኝ። ቀስ ብለሽ ማለቷ ነው ያስፈራኝ።

የደወለችው ከልጄ ጋር ቤት ተጋርታ የምትኖረው ትኬት ቆራጭ ናት። «እማማ፣ ትንሽ አሟታል፤ ቢመጡ ጥሩ ነው» አለች። ትንሽ ለታመመ ሰው እናቱን ስድስት ሰዓት መንገድ ነይ አይሏትም። ይህን በልቤ አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን ምን ይዤላት ልምጣ ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ፣ «ወፍራም ነገር ይልበሱ፣ እዚህ ብርዱ አይጣል ነው» አለችኝ። ተመልሼ የጀመርኩትን አንሶላ ጨረስኩት። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። አራቱን ማዕዘን አገጣጥሜ አጠፍኩትና ወጣሁ።

መናኸሪያው ደርሼ ከአውቶቡስ ስወርድ በድምፅ ማጉያው የመነሻ ሰዓት ይነገራል። ድምፁ የልጄ አይደለም፤ የሌላ ሴት ነው። ትኬት ቆራጯ የልጄን ካፖርት ክንዷ ላይ ጥላ ቆማለች፤ ከኋላዋ አምስት ስድስት ሹፌሮች አሉ። አንደኛው፣ ሽበታም ሰው፣ ወደ እኔ መጣና «የእንስራ እናት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አዎ ስለው ፊቱን አዞረ። ሌላ ያረዳኝ ሰው የለም። ያረፈችው ገና ሳይደወልልኝ፣ የዚያኑ ዕለት ንጋት ላይ ነበር።

«እንስራ» ያሏት የውኃ ጠርሙስ ከእጇ ስለማይለይ ነው። በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የመነሻ ሰዓትና የመኪና ቁጥር ትናገር እንደነበር ታስታውሺያለሽ። አንድ ማስታወቂያ ተናግራ አንድ ጉንጭ ውኃ፣ ደግሞ አንድ ማስታወቂያ፣ ደግሞ ውኃ። ሹፌሮቹ «እንስራ፣ ዛሬስ ስንት ሊትር ገባ?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም በማጉያው፣ «የቁጥር ሰባት ሹፌር፣ ተሳፋሪዎን ይቁጠሩ፣ የኔን ጠርሙስ ይተዉት» ብላ መንገደኛውን ሁሉ ታስቀው ነበር አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቀን መሳቄን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

ያልነገረችኝ ነገር ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት ድምፅዋ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄዶ ነበር። መንገደኛ አይሰማንም ብሎ አቤት ሲል ኃላፊዋ ከማጉያው አንስቶ መዝገብ ቤት አስገባት። ለእኔ ስትደውል ግን እዚያው መስታወት ቤት እንዳለች ሆና ነው የምታወራኝ። ድምፅሽ ምን ሆነ ስላት ጉንፋን ነው ትለኛለች። አንድ ሙሉ ዓመት ጉንፋን!

ትናንት እዚህ ላይ አቆምኩ። የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ብዙ አልገፋም። አሚዶ አይታኛለች፤ አልተቆጣችም። እንዲያውም እስክሪብቶዬ ሲነጥፍ የራሷን ሰጠችኝ።

እኔ ያየሁትስ? አይቼው የለ። ለዕረፍት ስትመጣ ደረቅ ዳቦ ያለ ሻይ አይወርድላትም ነበር። ከረሜላ ከጉንጯ አይጠፋም። «እማዬ፣ አፌ ሲደርቅ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይለጠፋል፤ ካልመጠጥኩ ቃል አይወጣኝም» ብላኛለች። እኔ ምን አልኳት? «ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ እንደ ሕፃን ጉንጭሽን ነፍተሽ ትዞሪያለሽ፤ ጥርስሽን የጨረሰው እሱ ነው» አልኳት። ጥርሷ ከድዱ ሥር እየቦረቦረ ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀምራ ነበር፤ ጨዋ ሆናለች ብዬ ደስ አለኝ። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ካልሲ ደርባ ትቀመጣለች። ትተኛለች፣ ተነሥታ ደግሞ ትተኛለች። «ከተማው አሰነፈሽ» አልኳት። እሷም ለመሳቅ ሞከረች።

ሐኪም ቤት ያነጋገረኝ ሐኪም ወጣት ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። የራሱን ወንበር ለቆልኝ እሱ ቆመ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ አስረዳኝ። አንገት ሥር ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ አለኝ። የልጄ ዕጢ ለብዙ ዓመት ቀስ በቀስ ሲደክም ኖሯል። እሱ ሲደክም ልብም ይዘገያል፣ ሆድም፣ ምራቅም። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ይበላል፣ ድድ ቢቆስል ቶሎ አይድንም። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት መንጋጋ ጥርሷን ነቅለውላት ነበር፤ ቁስሉ አልዘጋም፤ መግል ይዞ ወደ ደሟ ገባ። ትኩሳት እንኳ አላወጣችም፤ ሰውነቷ ቀዝቅዞ ነበር። አብራት የምትኖረው ልጅ ደክሟት ነው የተኛችው ብላ ብርድ ልብስ ደረበችላት። እሑድ ብትቀሰቅሳት አልነቃችም። «እስከዚህ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው፣ እናቴ፤ አብዛኛው ቀድሞ ይታወቅለታል» አለኝ ሐኪሙ።

መድኃኒት የለውም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

መሬት መሬት አየ። «አለው። በየጠዋቱ በባዶ ሆድ የምትዋጥ ትንሽ ክኒን ናት» አለኝ።

እህቴ፣ ያችን ክኒን አውቃታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ። ያኔ እኔ ቤት የኋላው ክፍል ውስጥ ተኝተሽ ነበር። ፀጉርሽ ትራሱ ላይ ይቀራል፤ ከንፈርሽ ተሰነጣጥቋል፤ ከወዲያኛው ክፍል ሕፃኗ ስታለቅስ ጆሮሽን በሁለት እጅሽ ትይዢው ነበር። ክኒኗን በውኃ ያስዋጥኩሽ እኔ ነኝ። በየቀኑ አንድ፣ እንዳትረሺ ያልኩሽም እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ቀጠለ። ከቤተሰብ ይህ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ፣ ብዙ ጊዜ በእናት በኩል ይመጣል አለኝ። ዝም አልኩ። ኀዘን መስሎት ተወኝ። «ለማንኛውም የእርስዎንም እንይልዎ» ብሎ ደም አስቀዳኝ። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እርስዎ ደህና ነዎት፤ ምንም የለብዎትም» አለኝ ሊያጽናናኝ ብሎ። ምንም እንደሌለብኝማ አውቃለሁ። ለእሱ እንግዳ ነገር ሆኖበት ወረቀቱን ደጋግሞ ሲያይ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ከዚያ፣ «ታናናሾች ካሏት ይመርመሩ፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ቀላል ነገር ነው» አለ። አሉ አልኩት። ያን ቀን የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ነው።

ዕቃዋን ለማንሳት ክፍሏ ሄድኩ። ከጫማ ጠጋኝ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ መዶሻው ከሥር ይሰማል። መስኮቱ ላይ ባዶ የውኃ ጠርሙሶች ታጥበው ተደርድረዋል። ሦስት የጥርስ ብሩሽ አገኘሁ፣ ሁሉም ለስላሳ፤ ሻካራው ድዷን ያደማት ነበር። ከመሳቢያው ውስጥ፣ ከመታወቂያዋ ሥር፣ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የጥርስ ሐኪም የጻፈችው የደም ምርመራ ማዘዣ ነው። ቀኑን አየሁት። ስምንት ወር ሆኖታል። ጀርባውን ሳገላብጥ የልጄ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ደብዳቤዬን ከጎኑ አስቀምጬ ነው የምገለብጥልሽ። «እማዬ የለባትም። አባዬ የለበትም። አክስቴ?» ብላ፣ ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥሎ «እማዬ አይገናኝም አለች» ብላለች።

የጥርስ ሐኪሟን ፈልጌ አገኘኋት። እጆቿ ትንንሽ፣ አነጋገሯ ፈጠን ያለ ሴት ናት። ልጄን በደንብ ታስታውሳታለች። «ምራቅ የጥርስ ዘበኛ ነው አልኳት፤ ያንቺ ዘበኛ ሥራ ለቆ ሄዷል። እሷም ደመወዝ ጨምሩለት አለችኝ» ብላ ነገረችኝ። የምላሷ ዳርና ዳር የጥርስ ቅርጽ ታትሞበት ነበር፤ ምላሷ አብጦ አፏ ጠብቦት። ጥርሶቿ ከድዱ ሥር መበላታቸው፣ ብርዱ፣ እንቅልፉ፣ ይህ ሁሉ ከአፍ ብቻ አይደለም ብላ ነው ማዘዣውን የጻፈችው። እጇን ይዤ ራሴ መውሰድ ነበረብኝ ብላ አዘነች። እኔ ግን ማዘዣው ለምን መሳቢያ ውስጥ እንደቀረ አውቃለሁ፤ አልነገርኳትም። ለአንቺ ነው የምነግርሽ።

ማዘዣው የተጻፈላት ቀን አመሻሹ ላይ ልጄ ደወለችልኝ። ልብስ እያጠፍኩ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ነው የማወራት። «እማዬ፣ የጥርስ ሐኪሟ የሚገርም ነገር ጠየቀችኝ። አንቺ የአንገት ዕጢ ሕመም አለብሽ?» አለችኝ። እኔ? የለብኝም፤ በእኛ ቤት የለም አልኳት። ይሄ ስለ እኔ እውነት ነው። ከዚያ፣ «አክስቴስ? እኛ ቤት ያደረች ጊዜ ጠዋት ተነሥታ ክኒን ስትውጥ አይቻታለሁ። እሷም እንደ እኔ ውኃ ውኃ ትላለች» አለችኝ።

ልብሱን አስቀመጥኩ። አዎ ብላት ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ከዚያም ሌላ። ልጅቷ ብልህ ናት፤ አንዴ መቁጠር ከጀመረች አንቺ እኔ ቤት የተኛሽበትን ወራት ከልደቷ ጋር ትቆጥራቸዋለች። «አክስትሽ ከአንቺ ጋር ምን ያገናኛታል? ሕመም ከአክስት አይወረስም። ዝም ብለሽ ከረሜላውን ተዪ፤ ደምሽንም ለማንም አታስቀጂ» አልኳት። እሺ እማዬ አለችኝ። እሺ ስትል ታውቂያታለሽ፤ እሺ ካለች አበቃ ነው።

አየሽ እህቴ፣ አንድ ቃል ነበር የሚበቃት። አክስትሽ አለባት፣ ሄደሽ ታዪ ብላት ያ ብቻ ይበቃት ነበር። ሌላውን ሳልነግራት እንኳ ማዳን እችል ነበር። ይህ አሁን ነው የገባኝ። ያኔ ሁለቱ ነገሮች ተጣብቀውብኝ መለየት አቃተኝ።

ከዚያም በፊት አንቺ ነግረሽኛል። ሥራ የያዘች ሰሞን ልትጠይቂያት መጥተሽ፣ ማድ ቤት ብርጭቆ እያጠብሽ፣ «እትዬ፣ የልጅቷ አፍ የኔን አፍ ይመስላል፤ እኔም እንዲህ ነበር የጀመረኝ፤ ሐኪም ይያት» አልሽኝ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ በሩን አይተሽ ነው ያልሽኝ። እኔ የሰማሁት ግን «የኔን ይመስላል» የሚለውን ብቻ ነው። በሩን ዘግቼ ምን እንዳልኩሽ አንቺም አትረሺውም፤ እኔም ልጽፈው አልደፍርም። «ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ ዛሬ ልትወስጂብኝ መጣሽ?» ማለቴን ግን እጽፈዋለሁ፤ የነገሩ ሥር እሱ ስለሆነ። እጅሽ በሳሙና እንደተነከረ ቆመሽ አየሽኝ። እጅሽን አድርቀሽ ወጣሽ፣ ግንባሯን ሳምሻትና ሄድሽ። አክስቴ ራት ሳትበላ ለምን ሄደች ስትለኝ መኪና እንዳያመልጣት ነው አልኳት።

ሦስታችን፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴም ባለበት፣ የተስማማንበትን ነገር አንቺ አንድ ቀን አላፈረስሽም። እናት ስትለኝ እየሰማሽ፣ በአክስት ስም እየሳምሽ ኖርሽ። ለልደቷ ዘወትር ሁለት ቀን ዘግይተሽ ነበር የምትደውዪው፤ ለእኔ ስትዪ መሆኑን አውቅ ነበር። አመሰግናለሁ ብዬሽ ግን አላውቅም።

አሁን ለምን እንዳልጠራሁሽ ልንገርሽ። ለቀብሯ ያስጎላነው ፎቶ መስታወት ቤቱ ውስጥ ሹፌሮቹ ያነሷት ነው። አፏን መሸፈን ሳትጀምር የተነሣችው ስለሆነ ከልቧ ትስቃለች። ሳቁ ያንቺ ነው። ከፎቶው አጠገብ ብትቆሚ ጎረቤቱ ሁሉ አንዴ አይቶ ይጨርሰዋል ብዬ ፈራሁ። የማለቅስላት እኔ ብቻ ልሁን አልኩ። ሞታም ሰሰትኩብሽ። እህቴ፣ ከሠራሁት ሁሉ ይኸኛው ይብስብኛል። የቀድሞው ስህተት ፍርሃት ነበር ልል እችላለሁ፤ ይሄ ግን ክፋት ነው። ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። አንድ አለኝ፤ ሌላ አላስታተምኩም። ያንቺ ይሁን።

ልጆቹን ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጂያቸው። ትልቋ ዳቦ ስትበላ ውኃ ታበዛ እንደሆነ፣ ጠዋት ስትነሣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ እንደሆነ አስተውዪ። ታናሿንም ደህና ናት ብለሽ እንዳትተዪያት፤ ለጥርስ ሐኪምም አሳዪያቸው፤ አፍ ቀድሞ ይናገራል ብላኛለች ያቺ ሴት። ሐኪሙ ከቤተሰብ የታመመ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ እንደ እኔ እንዳትመልሺ። እኔ አለብኝ በይ። ታላቅ እህታቸውም በዚሁ ሞታለች በይ። ልጆቹ ሰምተው እንዴት ነው ነገሩ ካሉሽ የምትነግሪያቸውን አንቺ ታውቂያለሽ። ከእንግዲህ ከእኔ በኩል የሚከለክልሽ የለም።

ይቅር በይኝ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ይቅርታው ባንቺ ጊዜ ይምጣ። መጥተሽ ልትጮሂብኝ ብትፈልጊም ቤቱ ያው ነው፣ በሩ ክፍት ነው፤ አንድም ቃል አልመልስልሽም።

ፈጣሪ ሁለቱን ልጆችሽን ይጠብቅልሽ። ደማቸው ንጹሕ ሆኖ ይገኝ። ቤትሽ የሳቅ ቤት ይሁን፤ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ክኒንሽን አታቋርጪ።

አንድ ልመና ይቀረኛል። ይህ ወረቀት ድንገት በሌላ ሰው እጅ ቢገባም፣ ያነበበው ሁሉ ለልጅቷ ነፍስ ይጸልይላት፤ ብርድ በሌለበት ያሳርፍልን ይበልላት። እኔም እጸልያለሁ፤ ጸሎቴን ሳደርስ ግን መሃል ላይ ቃሉ ይያዝብኛል፤ የእኔ ብቻ የሚበቃት አይመስለኝም። ስለዚህ አንቺ ጸልዪላት። ስትጸልዪ ግን «የእህቴን ልጅ» ብለሽ አትለምኚ። ሃያ ሰባት ዓመት ከአፍሽ ያላወጣሽውን ቃል በይ።

እህትሽ